ተቀባይዋ እናት

ቁርስ ሳልቀምስ፣ እናቴ አእምሮዋ እንደደከመ የሚያስረዳውን ቃለ መሐላ ራሴ ተየብኩት። ሌላ ሰው ቢሆን ለጸሐፊ ይከፍላል፤ እኔ ጸሐፊዋ ራሴ ስለሆንኩ በነጻ ወጣልኝ። «እኔ ቃለ መሐላ ሰጪዋ፣ ወላጅ እናቴ ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ የማስታወስና የማገናዘብ ችሎታቸው የተዳከመ በመሆኑ፣ የሚሰጣቸውን ወረቀት ምንነት ለይተው የማያውቁ መሆኑን…» ጣቶቼ ለምደውታል፤ የሰው ፍቺ፣ የሰው ውርስ፣ የሰው ስድብ መተየብ ከጀመሩ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፣ ለማን ብለው ይደነቃቀፋሉ? ገጹን አትሜ ሳወጣ፣ አእምሮዋ ደክሟል ያልኳት ሴት ከመጋረጃው ወዲያ ሆና «ቀለምሽ ሊያልቅ ነው መሰል፣ ትናንት ያወጣሽው ወረቀት ግራ ግራው ነጥቷል» አለችኝ። ወረቀቱን ቶሎ ብዬ በጽሑፉ በኩል ደፋሁት።

ቤታችን አንድ ክፍል ናት። ከመጋረጃው ወዲህ ኮምፒውተሬ፣ ማተሚያዬና ለባለጉዳይ የሚሆኑ ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች አሉ፤ ከመጋረጃው ወዲያ የእናቴ አልጋ፣ የእኔ ፍራሽና ምድጃው። ኪራዩ ባለፈው ወር ለሦስተኛ ጊዜ ጨመረ። አከራያችን በጨመሩ ቁጥር «ለፍርድ ቤቱ ቅርብ ነው እኮ» ይሉናል፣ ፍርድ ቤቱን እሳቸው የሠሩት ይመስል። እርግጥ ቅርበቱ ጠቅሞናል። በዚህ ሥራ የዋለ ሰው ብቻ የሚያውቀው ነገር አለ፤ የሚካሰስ ሰው ሁሉ አድራሻ የለውም። ባሏ ያባረራት አለች፣ በየወሩ ቤት የሚቀይር አለ፣ ዘመድ ቤት ተደብቆ ያለ አለ። ማመልከቻው ላይ ግን «መጥሪያ የሚደርስበት አድራሻ» የምትል መስመር አለች፣ እሷ ባዶ ከሆነች መዝገብ አይከፈትም። እኔም የእኛን ቤት እጽፍላቸዋለሁ። የፍርድ ቤቱ መልእክተኛ መጥሪያውን ይዞ ይመጣል፣ እናቴ ትፈርማለች፣ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ታስቀምጣለች፣ ባለቤቱ መጥቶ ይወስዳል። ማንበብ የተማረችው በሃምሳ ስምንት ዓመቷ በጎልማሶች ትምህርት ነው። ፊርማዋ ጭረት አይደለም፤ ስሟን ከነአባቷ በትልልቁ ትጽፋለች። «ተቀባይ ከባለጉዳዩ ጋር ያለው ዝምድና» በሚለው ላይ ደግሞ ለማንም ይሁን ለማን «እናት» ብላ ትሞላለች። ይህ ልክ አይደለም ብሏት የሚያውቅ መልእክተኛ የለም። በመዝገብ ቤቱ መደርደሪያ ላይ የሦስት መቶ ሰው እናት ናት።

የወለደችን ግን ሁለት ነበርን። ታናሼ ሰው አገር ሄዳ በአንድ ትልቅ የግል ሆስፒታል በጽዳት ተቀጠረች። አንድ ጠዋት ሆዷን አጣደፋት፤ የሥራ ጓደኞቿ ደግፈው እዚያው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አስገቧት። ያስቀጠራት ድርጅት የዋስትና ወረቀት እስኪልክ ተብሎ፣ ራሷ በየቀኑ በምትወለውለው ኮሪደር ላይ በተሽከርካሪ አልጋ አስተኝተዋት ሄዱ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት አሥራ አንድ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። አሥራ ሁለተኛው አልመጣም። ለሆስፒታሉ ጻፍኩ፣ ለኤምባሲው ጻፍኩ፣ ለድርጅቱ ጻፍኩ፤ መጻፍ መቼም አያቅተኝም። «ጉዳዩ እየታየ ነው» የሚል መልስ እንኳ የላከው ከሦስቱ አንዱ ብቻ ነው። ሁለት ወር ጠብቄ፣ እዚህችው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ፣ ስልኬን ማተሚያው ላይ አስደግፌ፣ የሆስፒታሉን ስም ጠርቼ ለአሥራ ሁለት ደቂቃ ተናገርኩ፤ ከመልእክቶቿም ሁለቱን አሰማሁ። አራት መቶ ሺህ ሰው ሰማው። ከእነሱ አንዷ እናቴ ነበረች። እኔ «እንቅልፍ ወስዷት በዚያው ቀረች» ብዬ ነበር የነገርኳት። ዳቦ ልትገዛ በሄደችበት ባለሱቁ ስልኩ ላይ ከፍቶት፣ ልጇ «ውሃ እንኳ የሚሰጠኝ ጠፋ» ስትል ሰማች። ዳቦውን ይዛ ተመለሰች፣ ቆረሰች፣ ሰጠችኝ። ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፣ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም።

ሆስፒታሉ ግን ዝም አላለም። መጀመሪያ የሄደው ቪዲዮው የተጫነበት ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት ወዳለበት ሌላ አገር ነው፤ የዚያ አገር ዳኛ «ሰው ሐዘኑንና ያመነበትን ቢናገር አልከለክለውም» ብሎ መዝገቡን ዘጋው። ከዚያ ወደ ገዛ አገሩ ፍርድ ቤት ተመለሰ። እዚያ ደግሞ የሌላውን ስም በክፉ ያነሳ ሰው እያንዳንዷን ቃል ራሱ ማስረዳት አለበት፤ ያላስረዳ እንደዋሸ ይቆጠራል፣ ያልቀረበማ አለቀለት። በሌለሁበት ተፈረደብኝ። ቪዲዮውን ከገጼ ላይ እንዳወርድ፣ ሆስፒታሉ ከክሱ ጋር አዘጋጅቶ ያቀረበውንም ማስተባበያ ፊቴ እየታየ፣ በገዛ አፌ፣ እዚያው ገጽ ላይ እንዳነብ። አሁን ያንን ፍርድ ተሸክመው መጥተው የእኛን ፍርድ ቤት «አስፈጽሙልን» ብለዋል። እምቢ ካልኩ እስከ ስድስት ወር እታሰራለሁ። የአንዲት የጽዳት ሠራተኛ ሞት፣ አንዱ አገር ላይ ሲያወሩት መብት፣ ሌላው አገር ላይ ሲያወሩት ጥፋት ነው፤ እኛ አገር ምን እንደሆነ ደግሞ ዛሬ ሊነገረኝ ነው። እስሩን አልፈራም ብል ዋሸሁ። ግን ከእስሩ ይልቅ የከበደኝ ንባቡ ነው። የሰው ውሸት ስተይብ ኖሬያለሁ፤ ስለ ታናሼ ግን በገዛ ድምፄ እንዴት ብዬ እዋሻለሁ?

ጠበቃዬ ልጅ እግር ነው፤ እሱ ይከራከርልኛል፣ እኔ የእሱን ማመልከቻዎች እተይብለታለሁ። ሌላው ክርክር ሁሉ በቀደሙት ቀጠሮዎች አልቆ ለዛሬ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቷል፤ የዚያ አገር መጥሪያ ደርሶኛል ወይስ አልደረሰኝም? ካልደረሰኝ ፍርዱ እዚህ ዋጋ የለውም። በእውነትም አልደረሰኝም። ቆርቆሮውን ሦስት ጊዜ ገልብጬ ፈትሻለሁ። እነሱ ግን መጥሪያው በእኛው ፍርድ ቤት መልእክተኛ በኩል የደረሰበትን ደረሰኝ አቅርበዋል፤ የእናቴ ስም ከነአባቷ፣ ዝምድና፦ እናት። በስንት ዓመት አንድ ጊዜ እውነቷን የሞላችው እዚያ ላይ ነው። ስጠይቃት «ከሰው ወረቀት ጋር ተደባልቆ ሄዶ ይሆናል» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። «የቤተሰብ አባል ከተቀበለ እንደደረሰሽ ነው የሚቆጠረው» አለኝ ጠበቃው። «ተቀባይዋ አእምሮዋ ጤነኛ ካልሆነ ግን አይቆጠርም።» ይህን ሲለኝ የሚያየው ጫማውን ነበር።

በሁለት ሰዓት ተኩል ከቤት ወጣን። እናቴ ሰማያዊ ኮቷን ለብሳ፣ መነጽሯን በመሐረብ ጠቅልላ ይዛለች። ለሦስት መቶ መጥሪያ ፈርማ፣ ፍርድ ቤቱን ግን አንድ ቀን ረግጣው አታውቅም። መንገዱ የአሥር ደቂቃ ቢሆንም ጉልበቷ ስላስቸገራት በየስልክ እንጨቱ እየቆምን ነው የሄድነው። የጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ በር ላይ የአንድ እሽግ ወረቀት ዋጋ እንደገና ተቀይሯል፤ የድሮውን ሰርዘው ከላይ ጽፈውታል። «ባለፈው ሳምንት እኮ በዚህ አልነበረም» አለች እናቴ፣ የድሮውን ዋጋ ከነሳንቲሙ እየጠራች። ትንሽ እንደሄድን አንዲት ቤቷን የተቀማች ባለጉዳዬ አገኘችንና «እማማ፣ የእኔ ወረቀት መጣ?» ብላ ጠየቀቻት። «ያንቺ ገና ነው። ቀጠሮሽ አሥራ ሰባት አይደል? ሐሙስ ብቅ በይ።» ሴትዮዋ መርቃት ሄደች። እኔ ቃለ መሐላውን በብብቴ ስር ይዤ መሬት መሬት አያለሁ።

«ምን ልበላቸው?» አለችኝ በሩ ላይ ስንፈተሽ።

«ምንም። ከጠየቁሽ አላስታውስም በይ።»

«አላስታውስም» አለች፣ እንዴት እንደሚባል እንደምትለማመድ ሰው። «እሺ።»

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ጫፍ አስቀመጥኳትና ቃለ መሐላውን ማኅተም ላስመታ መዝገብ ቤት ገባሁ። የመዝገብ ቤቱ ሹም የቴምብሩን ዋጋ ከተቀበለኝ በኋላ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ማንበብ ጀመረ። ሠላሳ ዓመት እዚያ መስኮት ጀርባ የተቀመጠ ሰው ነው፤ የእናቴን መልክ ባያውቅም የእጅ ጽሑፏን ከሚስቱ ጽሑፍ አብልጦ ያውቀዋል። አንብቦ ሲጨርስ ሳቀ፣ እንደማልስቅ ሲያይ ደግሞ ቆጣ አለ።

«እማማን? እማማን ነው እብድ ናት የምትዪኝ?»

«እብድ አላልኩም። ደክመዋል ነው የሚለው።»

«ስሚ፣ ይቺ ሴትዮ ደክማለች ካልሽ፣ ይኸ ሁሉ መደርደሪያ ምን ይሁን? ጠላት ያለው ሁሉ ነገ መጥቶ መጥሪያውን የተቀበለችልኝ የማታውቅ ሴት ናት ቢለኝ ምን ልመልስለት? ያቺ አምና ከነልጆቿ ቤቷን ያስመለሰችው ባለጉዳይ፣ መጥሪያ የደረሰልኝ በሷ ነው ስትል አልነበር?» ድምፁ ጎላ ያለ ሰው ነው፣ መስኮቱም ክፍት ነው። እጁን ማኅተሙ ላይ አድርጎ ጠበቀኝ። «ልምታልሽ?»

ዐይኔን በጨው አጥቤ «ምታልኝ» አልኩት። መታልኝ። ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ይዞ ነው የሰጠኝ። ስወጣ እናቴ አግዳሚው ላይ እንዳስቀመጥኳት አለች፤ መነጽሯን ከመሐረቡ አውጥታ እየጠረገች ነበር። ሰምታለች። ቀና ብላ አላየችኝም፣ እኔም አጠገቧ ቦታ እያለ ቆሜ ቀረሁ። አጥንቴ ድረስ አፈርኩ፤ ግን ወረቀቱን አልቀደድኩትም። ለጠበቃው ሰጠሁት።

ችሎቱ ጠባብ ነው፤ ሦስት ረድፍ አግዳሚ፣ የሚንቋቋ ማራገቢያ፣ ከዳኛዋ ጀርባ ቀለሙ የተላጠ ግድግዳ። የሆስፒታሉ ጠበቃ ትሑት ሰውዬ ነው፤ ሲነሳም ሲቀመጥም ይቅርታ ይጠይቃል። የመረከቢያውን ደረሰኝ አቀረበና ተቀመጠ። የእኛው ጠበቃ ተነስቶ ቃለ መሐላውን አነበበ። «የማገናዘብ ችሎታቸው የተዳከመ» ሲል ጆሮዬ ጋለ። ዳኛዋ ወረቀቱን ተቀብላ አየችው፣ ደረሰኙን አየችው፣ ከዚያ ከመነጽሯ በላይ ወደ እናቴ ተመለከተች።

«እናቴ፣ ይኸ ፊርማ የእርስዎ ነው?»

እናቴ ተነሳች። መነጽሯን አደረገች፣ የችሎቱ ሥርዓት አስከባሪ ያመጣላትን ወረቀት ወደ ብርሃኑ አዙራ አየችው። «የኔ ነው።»

«ምን እንደፈረሙ ያስታውሳሉ?»

ጠበቃዬ ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ የአግዳሚውን ጠርዝ ጨበጥኩ፤ በልቤ አላስታውስም በይ፣ አንዲት ቃል ናት፣ በይልኝ እያልኩ ነበር።

«አስታውሳለሁ» አለች እናቴ። «ሐሙስ ቀን ነው የመጣው። ሁለት ፖስታ ነበር። አንደኛው በባዕድ ፊደል፣ ሁለተኛው በእኛው የተተረጎመ። የእኛውን በሦስት ቀን አንብቤ ጨረስኩት። የሕግ ቃላቱ ከበዱኝ እንጂ ገብቶኛል።»

«ለልጅዎ ሰጧት?»

«አልሰጠኋትም። የአልጋዬ ፍራሽ ውስጥ ነው ያለው።»

ጠበቃዬ ወንበሩ ላይ ሟሸሸ። ዳኛዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ለምን?»

«እዚያ ወረቀት ላይ ልጄ አልተሰቃየችም ይላል» አለች እናቴ። ዋጋ እንደምትከራከር ሴት እያስረዳች ነበር። «ሰዎች አብረዋት ነበሩ ይላል። እኔ ያኛውንም ሰምቼዋለሁ፣ ዳቦ ልገዛ ሄጄ። ከዚያ ወዲህ ጆሮዬ ላይ ቀረ። ይህችን ወረቀት ሳነብ ግን ትንሽ ይተወኛል። ስምንት ወር ሙሉ፣ እሷ ባለጉዳይ ይዛ ከመጋረጃው ወዲያ ስትሆን፣ እያወጣሁ አነባለሁ። ይቺ ልጄ መልስ ጸሐፊ ናት፣ ክብርት ዳኛ። ለመጣው ነገር ሁሉ መልስ ትጽፋለች። ይህንንም ካየችው መልስ ትጽፍበታለች፤ መልስ ከጻፈችበት ደግሞ ውሸት ሆኖ ይቀራል። ለዚህ ነው የደበቅኩት።» ልትቀመጥ ጎንበስ ካለች በኋላ ተመልሳ ቀና አለች። «አእምሮዬ አልደከመም። ቢደክምልኝ ደግ ነበር።»

የሆስፒታሉ ጠበቃ ይቅርታ ሊጠይቅ የተነሳ ይመስል ግማሽ ድረስ ተነስቶ ተቀመጠ። ዳኛዋ ለግማሽ ሰዓት እረፍት ብላ ወጣች። በዚያ ግማሽ ሰዓት እኔና እናቴ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር። ስምንት ወር! በስምንት ወር ውስጥ መልሱን ልኬ፣ አሥራ አንዱንም መልእክት አያይዤ፣ የሥራ ጓደኞቿን ምስክርነት አስጽፌ እከራከር ነበር። ተናደድኩባት፣ በጣም ተናደድኩባት፤ ጮኼ «የሷን ሞት ሸጥሽው» ልላት ዳድቶኝ ነበር። ከዚያ ደግሞ ባለሱቁ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ፣ እሷ የዳቦዋን መልስ በእጇ ጨብጣ ቆማ ታየችኝ። ያንን ድምፅ ለአራት መቶ ሺህ ሰው ሳሰማ ከሰሚዎቹ መሐል እናቷ ትኖራለች ብዬ አላሰብኩም። ለፍትሕ ነው ብዬ ነበር። አሁንም ለፍትሕ ነው እላለሁ፣ ግን እናቴን መቆጣት አልቻልኩም።

ዳኛዋ ተመልሳ ስታነብ ድምፏን ዝቅ አድርጋ ነበር። ይኸ ፍርድ ቤት የሚመረምረው እህትየው እንዴት እንደሞተች አይደለም፤ ያንን የመረመረው ሌላ አገር ያለ ፍርድ ቤት ነው። የቀረው ጥያቄ መጥሪያው በሕጉ መሠረት መድረሱ ብቻ ሲሆን፣ የቤተሰብ አባል አውቃና አንብባ ተቀብላዋለች፤ ቤት ውስጥ የተደረገው ቤት ውስጥ ይቀራል። ተጠሪዋ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ንግግሩን ከገጿ ላይ አውርዳ ማስተባበያውን በድምፅና በምስል ታንብብ። «አዝናለሁ» የሚል ቃል ከአፏ የወጣ መስሎኝ ነበር፤ በኋላ የውሳኔውን ግልባጭ ሳየው ግን እንዲህ ያለ ቃል የለበትም።

ኮሪደሩ ላይ ጠበቃዬ «ለይግባኝ ስልሳ ቀን አለን፣ አፈጻጸሙ እንዲታገድም ነገ እንጠይቃለን፣ አንቺ ብቻ ተይቢልኝ» አለኝና በትከሻዬ በኩል እናቴን አየ። ማስተባበያው ያለበትን አባሪ ገጽ ሰጥቶኝ ሄደ። ሰው ለምሳ እየወጣ ነው፤ መስኮቶቹ አንድ በአንድ ይዘጋሉ። ከእናቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ወረቀቱን አየችው፣ ልታወጣ የጀመረችውን መነጽር ግን መልሳ ጠቀለለችው።

«አንብቢልኝ» አለችኝ።

«ታውቂው የለ፣ እማዬ። ስምንት ወር አንብበሽዋል።»

«እኔ ፊደል በፊደል ነው የማነበው፣ ድምፅ የለውም። ያኛውን ከነድምፁ ነው የሰማሁት።» የተጠቀለለውን መነጽር ኪሷ ከተተች። «ለነሱ አታንብቢ፣ ይግባኙንም ጠይቂ፣ ብትታሰሪም ስንቅ አመላልሳለሁ። ለኔ ግን አንድ ጊዜ አንብቢልኝ።»

እንባዬ መጣ፣ ዋጥኩት። ባለጉዳዮች እያዩን ያልፋሉ። አነበብኩላት። «እኔ ስሜ ከዚህ በታች የተጠቀሰው፣ እህቴ ሆስፒታሉ ከደረሰችበት ሰዓት ጀምሮ ተገቢው እርዳታ ሁሉ የተደረገላት መሆኑን፣ ባለሙያዎች ከአጠገቧ ያልተለዩ መሆኑንና ሕመም ሳይሰማት ያረፈች መሆኑን አረጋግጣለሁ…» ቀጥሎ ያለው፣ የተናገርኩት ሐሰት ነው የሚለው ነው። እዚያ ላይ ስደርስ እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«ስንት ነበሩ ይላል?»

«እነማን?»

«አጠገቧ የነበሩት።»

ወረቀቱን አየሁት። ቁጥር የለበትም። ከላይ እስከ ታች፣ ማኅተሙ ድረስ ፈለግኩት።

«ሁለት» አልኳት። «ሁለት ሴቶች። አንደኛዋ ፀጉሯን ከግንባሯ ላይ እየሰበሰበችላት ነበር ይላል።»

እናቴ ዐይኗን ጨፈነች። «ቀጥይ» አለችኝ።